ከጥድ ፍሬ ዘር ማውጣት

ከጥድ ፍሬ ዘር ማውጣት የጥድ፣ የፓይንና የመሰል ዛፎች ፍሬ ከዛፉ ላይ ተለቅሞ፣ ደርቆ ወይም ተፈግፍጎ፣ በውስጡ ያለው ዘር ተለይቶና ጸድቶ ለችግኝ ጣቢያ የሚዘጋጅበት የደን ልማት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ በዋናነት የሚከናወነው በአራት የዛፍ ዓይነቶች ላይ ነው፤ እነርሱም የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ የፈረንጅ ጥድና ፓቱላ ፓይን ናቸው። አራቱም በአንድ ትልቅ የዛፎች ወገን ቢመደቡም ፍሬያቸው የተለያየ ስለሆነ የአንዱ ዘር የሚወጣበት መንገድ ለሌላው አያገለግልም።

ሥራው ቀላል ቢመስልም ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደረቀው ፍሬ እንዲከፈት የሚያደርገው ሙቀት ከመጠን ካለፈ ዘሩን ይገድላል። የሞተ ዘር ደግሞ በመልክ ከሕያው ዘር አይለይም። ስለዚህ ዘር ሲወጣ የተፈጸመ ስህተት የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ የተዘራው መደብ ባዶ ሆኖ ሲቀርና የዓመቱ የተከላ ወቅት ሲያልፍ ነው።

ስለ ፍሬው

በአማርኛ «የጥድ ፍሬ» የሚባለው በሥነ ዕፅዋት አጠራር ኮን ነው። ኮን በአንድ ዘንግ ዙሪያ የተደረደሩ ቅርፊቶች ስብስብ ሲሆን ዘሮቹ በቅርፊቶቹ ሥር ተሸሽገው ያድጋሉ። እንደ ኮክ ወይም እንደ ማንጎ ከአበባ እንቁላል ዕቃ የተገኘ ፍሬ ስላልሆነ ምሁራን «ፍሬ» ብለው አይጠሩትም፤ በዕለት ተዕለት ንግግርና በችግኝ ጣቢያ ሥራ ግን ፍሬ የሚለው ስም የተለመደ ነው።

የፓይንና የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ሲበስል እንደ እንጨት ይጠነክራል። እያንዳንዱ ቅርፊት ውስጡና ውጭው የተለያየ የሴል አደረጃጀት አለው። ፍሬው ሲደርቅ የውጭው ክፍል ከውስጠኛው ይበልጥ ስለሚኮማተር ቅርፊቱ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ ፍሬውም ይከፈታል። እርጥበት ሲያገኝ ተመልሶ ይዘጋል። ይህ እንቅስቃሴ የሕይወት ምልክት አይደለም፤ ከዛፉ ከተለየ ዓመታት ያለፉት ፍሬም በዝናብ ይዘጋል፣ በፀሐይ ይከፈታል። ከፍሬ ዘር የማውጣት ዘዴ በአብዛኛው የተመሠረተው በዚህ ባሕርይ ላይ ነው።

የሐበሻ ጥድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቅርፊቶቹ ገና ሳይበስሉ እርስ በርሳቸው ተዋሕደው ሥጋማ ስለሚሆኑ ፍሬው ትንሽ እንጆሪ መሳይ ድቡልቡል ነው። ደርቆም አይከፈትም። በዱር ዘሩን ነፃ የሚያወጡት ፍሬውን በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ የሚጥሉ ወፎች ናቸው።

በኢትዮጵያ የሚገኙ ዓይነቶች

የሐበሻ ጥድ (ጁኒፐሩስ ፕሮሴራ) እና ዝግባ (አፍሮካርፐስ ፋልካተስ፣ ቀድሞ ፖዶካርፐስ ፋልካተስ) በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉ ሁለቱ ብቸኛ የዚህ ወገን አገር በቀል ዛፎች ናቸው። የሐበሻ ጥድ እስከ 40 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ በዓለም ካሉ የጁኒፐሩስ ዝርያዎችም በቁመቱ ቀዳሚ ነው። በአብዛኛው የሚገኘው ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባላቸው ደረቅ ደጋማ ቦታዎች ነው። እንጨቱ ምስጥን ስለሚቋቋም ለቤት ምሰሶ፣ ለአጥርና ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ ሲፈለግ ኖሯል። በውጭ አገር ደግሞ ለእርሳስ መሥሪያ ውሏል።

የፈረንጅ ጥድ (ኩፕሬሱስ ሉሲታኒካ) ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ፓቱላ ፓይንም (ፒኑስ ፓቱላ) የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ሁለቱም ቶሎ ስለሚያድጉ ለጣውላና ለኢንዱስትሪ እንጨት በመንግሥት ደኖች ውስጥ በስፋት ተተክለዋል። ከካሊፎርኒያ የመጣው ራዲያታ ፓይንም (ፒኑስ ራዲያታ) በአንዳንድ ቦታዎች ይገኛል።

የአራቱ ዋና ዋና ዓይነቶች ፍሬና ዘር እንደሚከተለው ይነጻጸራል፦

የሐበሻ ጥድ፦ ፍሬው ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስፋት ያለው ድቡልቡል ነው፤ ሲበስል ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፤ ላዩን ነጣ ያለ ዱቄት መሳይ ሽፋን ይለብሳል። በአንድ ፍሬ ከ1 እስከ 4 ዘር ይገኛል። አንድ ኪሎ ዘር ከ40,000 እስከ 50,000 ፍሬ ዘር ይይዛል።

የፈረንጅ ጥድ፦ ፍሬው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፤ ለመብሰል ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሲበስል ቡናማ ይሆናል። በአንድ ፍሬ ውስጥ በርካታ ደቃቅ ዘሮች አሉ። አንድ ኪሎ ዘር ከ160,000 እስከ 290,000 ዘሮች ይይዛል።

ፓቱላ ፓይን፦ ፍሬው ሾጣጣ፣ ጠንካራና ከቅርንጫፉ ጋር የተጣበቀ ነው። በሙጫ ስለሚታሸግ በስሎም ለዓመታት ሳይከፈት ዛፉ ላይ ሊቆይ ይችላል። ዘሩ ክንፍ አለው። በአንድ ኪሎ ከ100,000 በላይ ዘር ይገኛል።

ዝግባ፦ እንደ ሌሎቹ ቅርፊታም ፍሬ የለውም። ዘሩ በሥጋማ ልባስ የተሸፈነ ሆኖ ነጠላ ነጠላውን ይንጠለጠላል። ከሌሎቹ እጅግ ትልቅ ስለሆነ አንድ ኪሎ የሚሞላው 2,000 ገደማ ዘር ብቻ ነው።

ታሪክ

በኢትዮጵያ ጥድን ከአንድ ደን ዘር ወስዶ በሌላ ቦታ የማልማት ታሪክ ረጅም ነው። በሰፊው እንደሚነገረው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የወጨጫ ተራራ እንዲለማ ባዘዙ ጊዜ የጥድ ዘሩ የመጣው በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን ነበር። የዛሬው የመናገሻ ሱባ ደን ከዚያ ሥራ የተገኘ እንደሆነ ይነገራል። ወፍ ዋሻም እስካሁን ድረስ የሐበሻ ጥድና የዝግባ መገኛ ነው።

በወሎ ዛፍ ተከላ በስፋት የተካሄደው ከ1966 እና ከ1977 ዓ.ም. ድርቆች በኋላ ነው። በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ገበሬዎች በተራቆቱ ተዳፋቶች ላይ እርከን ሠርተዋል፤ ባሕር ዛፍ፣ ጥድና ሌሎች ችግኞችንም ተክለዋል። በዚህ ዓይነቱ ሰፊ ዘመቻ ላይ የችግኙ ቁጥር በቀላሉ ይቆጠራል፤ ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደ መጣ ግን ካልተመዘገበ በኋላ ማወቅ አይቻልም።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በአራት ዓመት 20 ቢሊዮን ችግኝ የመትከል ዕቅድ ይዞ ተነሣ። ይህን ያህል ችግኝ ለማፍላት የሚያስፈልገው የዘር መጠን ከፍተኛ በመሆኑ የዘር ጥራት ጉዳይ ይበልጥ ትኩረት አገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም አቀፉ የጥምር ደን እርሻ ምርምር ማዕከል አስተባባሪነትና በኖርዌይ መንግሥት ድጋፍ በቂና ጥራት ያለው የዛፍ ዘር ለማቅረብ ያለመ ፕሮጀክት በኢትዮጵያ ተጀምሯል። የፕሮጀክቱ ሥራ የዘር ምንጭ የሚሆኑ ደኖችን መለየትንና አዳዲስ የዘር ዛፍ ማሳዎችን ማቋቋምን ይጨምራል።

ሲሪንቃና አካባቢዋ

ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚተዳደረው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት። ማዕከሉ በይበልጥ የሚታወቀው በማሽላ፣ በጤፍና በጥራጥሬ ምርምር ቢሆንም የደን ምርምር ክፍልም አለው።

ማዕከሉ የሚገኝበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከዚህ በስተ ምሥራቅ መሬቱ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ በስተ ምዕራብ ደግሞ ወደ ደጋው ተራራ ይወጣል። በአጭር ርቀት ውስጥ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ስለሚገናኙ ለአካባቢው የሚሆን ዘር የሚመረጥበት መንገድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከደጋ ጥድ የተለቀመ ዘር ደረቅና ሞቃት በሆነው ቆላ ጫፍ ላይ ቢተከል ላይጸና ይችላል። ስለዚህ በዘር ከረጢት ላይ የዛፉ ስም ብቻ ሳይሆን የተለቀመበት ቦታና ከፍታ ይጻፋል።

አካባቢው የበልግና የክረምት ዝናብ ያገኛል። የተከላው ጊዜ ክረምት ነው። ፍሬ ለማድረቅ የሚመቸው ግን በጋ ነው፤ ፀሐዩ የማይቋረጥ፣ አየሩም ደረቅ ይሆናልና። የበልግ ዝናብ ፍሬው በተሰጣበት ወቅት ከጣለ የተከፈተው ፍሬ ተመልሶ ይዘጋል፤ ተሸፍኖ ካልተነሣም ይሻግታል።

የወሎ ተራሮች አብዛኛው ጥንታዊ ደን ከጠፋ ቆይቷል። ትልልቅ የሐበሻ ጥድና የወይራ ዛፎች በብዛት የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢና ሰው በማይደርስባቸው ገደላማ ቦታዎች ነው። በዚህ ምክንያት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዘር ለቀማ ዋና ምንጭ ሆነው ያገለግላሉ። ተመራማሪው አለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ያተኮረ ሲሆን የእነዚህ ደኖች ዘር የተራቆተ መሬትን መልሶ ለማልማት ስለሚኖረው ሚና ይመረምራል። በኢትዮጵያ ደጋ ደኖች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የብዙዎቹ አገር በቀል ትልልቅ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሕያው ሆኖ አይቆይም። ይህም ማለት የመጨረሻዎቹ እናት ዛፎች ከተቆረጡ በኋላ ደኑ ከአፈር ውስጥ በራሱ ተመልሶ ይበቅላል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ፍሬ ለቀማ

የዘሩ ጥራት የሚወሰነው ከማድረቂያው በፊት፣ በለቀማው ነው። እናት ዛፍ ተብሎ የሚመረጠው ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ጤናማና ብዙ ፍሬ የያዘ ዛፍ ነው። ለመልቀም ስለሚቀል ብቻ ከአጫጭርና ከቅርንጫፋም ዛፎች የሚለቀም ዘር ጠማማ ዛፎችን ያበዛል።

ዘሩ ከአንድ ወይም ከሁለት ዛፎች ብቻ እንዳይሰበሰብም ይመከራል። የተለመደው መመሪያ ቢያንስ ከ25 እስከ 30 ከሚደርሱ ዛፎች መልቀም ሲሆን በዛፎቹ መካከል ከ50 እስከ 100 ሜትር ርቀት ቢኖር ይመረጣል። ጎን ለጎን የቆሙ ዛፎች ብዙውን ጊዜ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የእነርሱ ዘር ብቻ ከተተከለ የሚገኘው ደን በዘመዳሞች የተሞላ ይሆናል፤ በሽታ ወይም ተባይ ሲመጣም የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ የተዛመተው የፈረንጅ ጥድ ክሽክሽ ሰፋፊ ደኖችን ማድረቁ የዚህን አደጋ ያሳያል።

በሐበሻ ጥድ ላይ ሌላም ነገር ይታያል። ወንዴና ሴቴው በአብዛኛው በተለያዩ ዛፎች ላይ ነው። ፍሬ የሚያፈራው ሴቴው ብቻ ሲሆን የአበባ ብናኙ የሚደርሰው በነፋስ ነው። በአቅራቢያው ወንዴ የሌለው ብቸኛ ሴቴ ዛፍ ፍሬ ቢይዝም ዘሩ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብቻውን የቀረ ትልቅ ጥድ በፍሬ ተሸፍኖ ሲታይ ጥሩ የዘር ምንጭ ይመስላል፤ ለቃሚው ግን አስቀድሞ ጥቂት ዘሮችን በምላጭ ሰንጥቆ ውስጣቸውን ማየት አለበት። ሙሉ ዘር ውስጡ ነጭና ጠጣር ነው። ባዶው ቡናማ ወይም የተጨማደደ ሽፋን ብቻ ይኖረዋል። አንዳንዱ ደግሞ በነፍሳት ተበልቶ ይገኛል።

ለለቀማ መሰላል፣ ገመድ፣ ረጅም እጀታ ያለው መንጠቆ፣ ሸራና ጆንያ ያስፈልጋሉ። ከዛፉ ሥር ሸራ ተዘርግቶ የሐበሻ ጥድ ፍሬ በእጅ ይለቀማል ወይም ይራገፋል። የፈረንጅ ጥድና የፓይን ፍሬ ግን በመራገፍ አይወርድም፤ አንድ በአንድ ይቆረጣል። በፈረንጅ ጥድ ቅርንጫፍ ላይ የዘንድሮው የበሰለ ፍሬና የሚቀጥለው ዓመት ጥሬ ፍሬ አብረው ስለሚገኙ ቅርንጫፉን መቁረጥ የመጪውን ዓመት ዘር ማጥፋት ነው። ዛፍ ላይ መውጣትም አደገኛ ስለሆነ ሰው ብቻውን አይወጣም፤ በደህንነት ገመድ ይታሰራል።

ዘር የማውጣት ዘዴ

የፈረንጅ ጥድ

ቡናማ የሆነው ፍሬ መጀመሪያ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚገባበት ቦታ በስሱ ተሰጥቶ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ይህ ቅድመ ማድረቅ ይባላል። እርጥብ ፍሬ በቀጥታ ለኃይለኛ ሙቀት ከተጋለጠ የውጭው ቅርፊት ቶሎ ይደርቅና ውስጡ እንደ ታሸገ ይቀራል፤ በውስጡ የታመቀው እርጥበትም ከሙቀቱ ጋር ተደምሮ ዘሩን ይጎዳል።

ከዚያ ፍሬው በሸራ ወይም በሰሌን ላይ ፀሐይ ይሰጣል። በየጊዜው ይገለበጣል፤ ማታ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ይሸፈናል ወይም ይገባል። ቅርፊቶቹ ሲከፈቱ ፍሬው ይራገፋል፤ ዘሩም በሸራው ላይ ይወርዳል። ባልተከፈተው ላይ ማድረቁ ይደገማል። ዘሩ ደቃቅና ቀላል ስለሆነ ኃይለኛ ነፋስ ያለበት አውድማ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ፓይን

የፓቱላ ፓይን ፍሬ በሙጫ ስለታሸገ በፀሐይ ብቻ ለመክፈት ብዙ ቀናት ይጠይቃል። በተፈጥሮ ሙጫውን የሚያቀልጠው የሰደድ እሳት ሙቀት ነው፤ ዘሩም እሳቱ ባጸዳው አመድማ መሬት ላይ ይወድቃል። በዘር ማዘጋጃ ጣቢያዎች ደግሞ ሙቀቱ የሚለካ ማድረቂያ ክፍል ወይም ምድጃ ጥቅም ላይ ይውላል። የተለመደው ሙቀት ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አሠራሩ ከዝቅተኛ ሙቀት ተነሥቶ ፍሬው እየደረቀ ሲሄድ ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ደረቅ ዘር ከእርጥብ ዘር የበለጠ ሙቀት መቋቋም ስለሚችል ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥም።

የተከፈተው ፍሬ ወንፊት በለበሰ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይገባል። በርሜሉ ሲዞር ዘሩ በወንፊቱ ቀዳዳ ይወርዳል፤ ባዶው ፍሬ ውስጥ ይቀራል። ይህ መሣሪያ በእጅ የሚዞርም በሞተር የሚሠራም አለ። ባዶው ፍሬ ማገዶ ይሆናል። በአውሮፓ ለዘመናት በሠሩት የፓይን ዘር ማዘጋጃ ቤቶች ምድጃውን የሚያሞቀው ብዙውን ጊዜ የቀደመው ዙር ባዶ ፍሬ ነበር።

የፓይን ዘር ክንፍ ስላለው ከማጽዳቱ በፊት ክንፉ ይነሣል። ዘሩ ግማሽ ድረስ በተሞላ ከረጢት ውስጥ ሆኖ በእጅ በቀስታ ሲታሽ ክንፉ ይለያል። ኃይለኛ ማሸት የዘሩን ልባስ ይሰነጥቃል።

የሐበሻ ጥድ

የሐበሻ ጥድ ፍሬ በማድረቅ ስለማይከፈት ሥጋማው ክፍል መወገድ አለበት። ሁለት መንገዶች አሉ። በመጀመሪያው ፍሬው ጥላ ውስጥ ከደረቀ በኋላ በሙቀጫ ቀስ ተብሎ ይወቀጣል፤ ከዚያም በወንፊት ተነፍቶ በሰፌድ ይበጠራል። ዘነዘናው በኃይል ካረፈ ዘሩም አብሮ ስለሚሰበር እንደ በርበሬ አይወቀጥም።

በሁለተኛው መንገድ ፍሬው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን በውሃ ይዘፈዘፋል። ከዚያም በሽቦ ወንፊት ላይ እየታሸ በውሃ ይታጠባል። ሥጋው ተፍቆ ይሄዳል። ድብልቁ በባልዲ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሙሉው ዘር ወደ ታች ይሰምጣል፤ ገለባውና አብዛኛው ባዶ ዘር ይንሳፈፋል። የሰመጠው ዘር ተለቅሞ ወዲያው በጥላ ይደርቃል። የውሃው መንገድ ባዶውን ዘር አብሮ ስለሚለይ ባዶ ዘር ለሚበዛበት ለሐበሻ ጥድ በተለይ ይጠቅማል።

ዝግባ

የዝግባ ዘር ከዛፉ ሥር ወይም ከቅርንጫፉ ይለቀማል፤ በውሃ ተዘፍዝፎ ሥጋማው ልባስ በማሸት ይወገዳል። የዝግባ ዘር እንደ ሌሎቹ በጣም እንዲደርቅ አይደረግም፤ ሲደርቅ የመብቀል አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሳይከማች ቶሎ ይዘራል። ልባሱ ጠንካራ በመሆኑ ብቅለቱ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የፓይን ዘር የለመደ ሠራተኛ የዝግባውንም ፀሐይ ላይ ቢያሰጣው ሙሉውን ምርት ሊያጣ ይችላል።

ማጽዳት

የወጣው ዘር ከቅርፊት ስብርባሪ፣ ከቅጠል፣ ከሙጫና ከአፈር ጋር የተደባለቀ ነው። መጀመሪያ ቀዳዳው ሰፋ ባለ ወንፊት ተነፍቶ ትልልቁ ቆሻሻ ይወገዳል፤ ቀጥሎ በጠባብ ወንፊት አቧራው ይለያል። የቀረው በሰፌድ ይበጠራል። እህል ማበጠርና ማንጠርጠር የለመዱ ሴቶች በዚህ ሥራ ላይ ያላቸው ብቃት ከማሽን የማይተናነስበት ጊዜ አለ። በትልልቅ ጣቢያዎች የነፋስ ኃይሉ የሚስተካከል ማበጠሪያ ማሽን ቀላሉን ባዶ ዘር ከከባዱ ይለያል።

ማድረቅና ማከማቸት

የጥድ፣ የፈረንጅ ጥድና የፓይን ዘር ደርቆ በቅዝቃዜ ቢቀመጥ ለዓመታት ሕያው ሆኖ ይቆያል። ለዚህ የሚመከረው የዘር እርጥበት ከ6 እስከ 8 በመቶ ነው። ዘሩ አየር በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል።

አሜሪካዊው የዘር ተመራማሪ ጄምስ ሐሪንግተን ያቀረቡት የተለመደ ግምት እንደሚያስረዳው የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ወይም የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ገደማ ሲቀንስ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ይጨምራል። ግምቱ የሚሠራው እርጥበቱ ከ5 እስከ 14 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት የገጠር ችግኝ ጣቢያም ቢሆን ዘሩን በሚገባ አድርቆ በታሸገ ዕቃ ማስቀመጥ ብዙ ልዩነት ያመጣል ማለት ነው። በደንብ ያልደረቀ ዘር በፕላስቲክ ታሽጎ ቢቀመጥ ግን ይሻግታል።

በእያንዳንዱ ዕቃ ውስጥና ውጭ የዛፉ ስም፣ የተለቀመበት ቦታና ከፍታ፣ የተለቀመበት ቀን፣ የእናት ዛፎቹ ብዛትና የምርመራ ውጤቱ ይጻፋል። ዘርን በአንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥም አይመከርም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰበት ጊዜ የሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ከአካባቢው የተሰበሰበ ዘር ሊተርፍ የሚችለው ቅጂው ሌላ ቦታ ካለ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የዕፅዋት ዘር የሚጠብቀው አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሲሆን መነሻው እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል ነው።

የጥራት ምርመራ

የዘር ጥራት በሦስት ዋና ዋና መለኪያዎች ይታወቃል፤ እነርሱም ንጽሕና፣ እርጥበትና የመብቀል አቅም ናቸው። መለኪያዎቹ የሚከተሉት እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የዘር ምርመራ ማኅበር ያወጣቸውን ደንቦች ነው።

ንጽሕና ከናሙናው ክብደት ውስጥ ምን ያህሉ እውነተኛ ዘር እንደሆነ ያሳያል። እርጥበት የሚለካው ናሙናው በምድጃ ከመድረቁ በፊትና በኋላ በመመዘን ነው። የመብቀል አቅም ለማወቅ ደግሞ 400 ዘሮች በአራት ምድብ፣ በየምድቡ 100 ሆነው በእርጥብ ወረቀት ወይም አሸዋ ላይ ይዘራሉ፤ የበቀሉትም ይቆጠራሉ።

ቁጥሮቹ ለምን እንደሚጠቅሙ በምሳሌ ይታያል። አንድ ችግኝ ጣቢያ 100,000 የሐበሻ ጥድ ችግኝ ለማድረስ አቅዷል እንበል። ከበቀሉት ውስጥ እስከ ተከላ የሚደርሱት 60 በመቶ ናቸው ተብሎ ቢታሰብ 166,667 ዘሮች መብቀል አለባቸው። በአንድ ኪሎ 45,000 ዘር ቢኖር፣ ንጽሕናው 90 በመቶ፣ የመብቀል አቅሙም 40 በመቶ ቢሆን ከአንድ ኪሎ የሚበቅለው፦

45,000 × 0.90 × 0.40 = 16,200

ስለዚህ የሚያስፈልገው ዘር 166,667 ÷ 16,200፣ ማለትም 10.3 ኪሎ ገደማ ነው። ይኸው ዘር በማድረቂያ ተጎድቶ የመብቀል አቅሙ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ የሚያስፈልገው በእጥፍ ጨምሮ 20.6 ኪሎ ይሆናል። ምርመራ ያላደረገ ጣቢያ ግን 10.3 ኪሎውን ዘርቶ ግማሽ ያህል ችግኝ ብቻ ያገኛል።

በብዛት የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ያልበሰለ ፍሬ መልቀም፦ አረንጓዴ ፍሬ በግድ ደርቆ ቢከፈትም ዘሩ ውስጥ ያለው ሽል አድጎ ስላልጨረሰ ደካማ ችግኝ ይሰጣል።

ፍሬን በጆንያ አጭቆ ማቆየት፦ እርጥብ ፍሬ ተከማችቶ ሲቆይ በራሱ ይግላል፤ ይሻግታልም። ከተለቀመበት ቀን ሳያልፍ መሰጣት አለበት።

በቆርቆሮ ወይም በአስፋልት ላይ ማስጣት፦ በቀትር ፀሐይ እነዚህ ነገሮች ከአየሩ እጅግ የበለጠ ስለሚግሉ ዘሩን ያበስላሉ። ሸራ ወይም ሰሌን ይመረጣል።

ዘርን መቀላቀል፦ ከተለያየ ቦታና ዓመት የተለቀመ ዘር በአንድ ከረጢት ሲገባ የትኛው እንደ በቀለ፣ የትኛው እንደ ሞተ ማወቅ አይቻልም።

ከመዝራት በፊት አለመዘጋጀት፦ የሐበሻ ጥድ ዘር ከመዘራቱ በፊት ለአንድ ቀን በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፉ የተለመደ ነው። ብቅለቱ ሳምንታት ስለሚወስድና ችግኙም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ለክረምት ተከላ የሚሆነው ዘር ቀደም ብሎ መደብ ላይ መዋል አለበት። በሚያዝያ ወይም በግንቦት የተዘራ ጥድ ለዚያው ዓመት ሐምሌ አይደርስም።